ሮዙ ግድግዳ የማን ጥፋት ነው?

የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት በሚቀርብበት ሰሞን በዲፓርትመንታችን አዳራሽ የማይቀር አንድ ሳቅ አለ። ተማሪው ወራት የደከመበትን ፋይል ይከፍታል፤ ሕንፃው ፕሮጀክተሩ ላይ ብቅ ይላል፤ ጥርብ ድንጋይ መሆን የነበረበት ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አዳራሹ ይስቃል። ከፈታኞቹ አንዱ «ቀድመህ አታየውም ነበር?» ይላሉ፤ ተማሪው «ቤት ስከፍተው እኮ ደህና ነበር» ብሎ ይንተባተባል፤ በነጥብ ወረቀቱ ላይ «የዝግጅት ጉድለት» የምትል ነገር ትጻፋለች፤ ቀጣዩ ይጠራል።

በዚህ ጽሑፍ መሟገት የምፈልገው ያቺ «የዝግጅት ጉድለት» ብዙ ጊዜ የተማሪው አለመሆኗን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሮዙ ግድግዳ የሚለካው ትጋትን አይደለም፤ ተማሪው የራሱ ኮምፒውተር ያለው መሆን አለመሆኑን ነው። ነገሩ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ እስቲ እስከ መጨረሻው አብረን እንየው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ዎርድ ላይ ፎቶ ስናስገባ ፎቶው ሰነዱ ውስጥ ይገባል፤ ዋናውን ፎቶ ብንሰርዘው እንኳ ሰነዱ ግድ የለውም። አብዛኞቻችን ኮምፒውተርን የተዋወቅነው በዎርድ ስለሆነ የ3ዲ ፕሮግራሞችም እንደዚያ የሚሠሩ ይመስለናል። አይሠሩም። በብሌንደርም ሆነ በስሪዲ ማክስ ወይም በማያ ለአንድ ግድግዳ የድንጋይ ፎቶ ስንመርጥለት የፕሮጀክቱ ፋይል የሚይዘው ፎቶውን ሳይሆን የፎቶውን አድራሻ ነው፤ በእኛ አፍ «ፓዝ» የምንለውን ማለት ነው። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ ወደዚያ አድራሻ ሄዶ ያንኳኳል። ካገኘ ያመጣል። ካላገኘ ማክስ የጠፉትን ፋይሎች ስም የሚዘረዝር መስኮት ይከፍታል (ብዙዎቻችን ሳናነብ «ቀጥል» የምንለውን)፤ ብሌንደር ደግሞ ቦታውን ሮዝ ይቀባዋል። ሮዝ የሆነው ማንም ሰው ሮዝ ድንጋይ ፈልጎ ነው ብሎ እንዳያልፈው ነው። ስለዚህ ሮዙ ብልሽት አይደለም፤ «እዚህ አንድ ፋይል ጎድሏል» የሚል ሐቀኛ መልእክት ነው።

አድራሻው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥሩ ጀምሮ ሙሉውን የሚናገረው አብሶሉት ፓዝ ነው፤ «ዲ ድራይቭ ውስጥ፣ የእገሌ ፎልደር ውስጥ፣ ፕሮጀክት ውስጥ፣ ድንጋይ» እንደማለት። ሁለተኛው ሪሌቲቭ ፓዝ ሲሆን «እኔ ካለሁበት አጠገብ ቴክስቸር የሚባል ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ፣ ድንጋይ» ይላል። ቤት የሚቀይር ቤተሰብ እናስብ። «ስኳሩ ከቡናው ጣሳ ጎን ነው» የሚለው መደርደሪያው እንዳለ እስከተጫነ ድረስ አዲሱ ቤትም እውነት ነው። «ስኳሩ ወረዳ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው» የሚለው ግን የጭነት መኪናው ከግቢ እንደወጣ ውሸት ይሆናል፤ ምናልባትም አሁን እዚያ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ይህ ሁለተኛው ነገር፣ ማለትም ባለ አድራሻው ቦታ ላይ ሌላ ሰው መገኘቱ፣ ከመጥፋቱም የባሰ ጣጣ አለው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ፍትሑ ጉዳይ። የራሱ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት እስከ ምረቃ አንድ ማሽን ላይ ይሠራል። ፋይሉ ዲ ድራይቭ ውስጥ ተወለደ፣ ዲ ድራይቭ ውስጥ አደገ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ያንኑ ላፕቶፕ አዳራሹ ውስጥ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝቶ ያቀርባል። አብሶሉት ይሁን ሪሌቲቭ ምኑም አይደለም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ፓዝ የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል። የራሱ ማሽን የሌለው ተማሪ ደግሞ ጠዋት ላብ፣ ከሰዓት የጓደኛው ክፍል፣ ማታ ባገኘው ቦታ ነው። ፍላሹ አንዱ ማሽን ላይ ኢ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ጂ። ቴክስቸሩን ከላቡ ዲ ድራይቭ መረጠ እንበል፤ ፕሮጀክቱ ግን ፍላሹ ላይ ነው። ብሌንደር እንደተለመደው አድራሻውን ሪሌቲቭ ሊያደርግለት ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ በዊንዶውስ ከአንዱ ድራይቭ ወደ ሌላው የሚወስድ ሪሌቲቭ መንገድ የለምና። ልጁ ምንም ያላወቀው የሞተ አድራሻ ይዞ ከላብ ይወጣል። ይህ ሰው በሳምንት ውስጥ ፋይሉን ምናልባት አሥር ጊዜ ያዘዋውራል፤ ባዘዋወረ ቁጥር የሚጠፋ ነገር አለ፤ በጠፋ ቁጥር አንድ ሁለት ሰዓት እየፈለገ ይመልሳል። እና በመጨረሻ አዳራሹ ውስጥ ሮዝ ሆኖ የሚታየው የእሱ ነው። ከሁላችንም በላይ የተንከራተተው ሰው ግድየለሽ ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን ለአንዳንድ መምህራን ስናነሳ የምንሰማው መልስ «ይሄ የላብ ቴክኒሽያኖች ሥራ ነው» የሚል ነው። በአክብሮት፣ አይደለም። ቴክኒሽያኑ ሰርቨሩን ያስነሳል፣ ኔትወርኩን ያያል፤ እኔ ለግድግዳዬ የትኛውን ፎቶ ከየት እንደመረጥኩ ሊያውቅ አይችልም። ሞዴሊንግ አስተምረን፣ መብራት አስተምረን፣ ካሜራ አስተምረን፣ ፋይል የት ይቀመጥ የሚለውን «ራሱ ይገባዋል» ብለን የተውነው እኛው ነን። «እኛ» ስል ዲፓርትመንቱን ማለቴ ነው፤ ተማሪውም መምህሩም አለበት።

ጣጣው ከክፍል ወደ ሰርቨር ሲሻገር ደግሞ ይከፋል። ላብ ውስጥ ቢያንስ ከማሽኑ ፊት የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ሮዙን ያያል፣ ይደነግጣል፣ ያስተካክላል። የሬንደር ሰርቨር ፊት ግን ማንም የለም። ፕሮግራሙ ያለ መስኮት ነው የሚሠራው፤ «ይህ ፋይል ጎድሏል፣ ልቀጥል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም። እንደ ፕሮግራሙና እንደ አቀማመጡ ወይ ሥራውን ጥሎ ይቆማል፣ ወይ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ቢቆም ይሻል ነበር። ሒሳቡን እንሥራው፦ የ10 ሰከንድ እንቅስቃሴ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታሰብ 250 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 4 ደቂቃ ቢፈጅ 1000 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። አርብ ከሰዓት አስረክቦ የሄደ ተማሪ ቅዳሜ የሚያገኘው 250 ሮዝ ሥዕል ነው። ወረፋ ደግሞ አለ፤ ሰርቨሩን የሚጠብቀው እሱ ብቻ አይደለም። በተጨማሪም የእሱ 17 ሰዓት ከሌላ ሰው ላይ የተወሰደ 17 ሰዓት ነው።

ሰርቨሩ ሊነክስ ከሆነ ሌላ መዘዝ ይጨመራል። ዊንዶውስ ከ1980ዎቹ የዶስ ዘመን የወረሰውን የድራይቭ ፊደል ይዟል፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያለ ይሄዳል፤ ፎልደሮቹንም የሚለየው በባክስላሽ ነው። ሊነክስ የድራይቭ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር ይጀምራል፤ መለያውም ወደ ፊት ያዘነበለው ስላሽ ነው። ስለዚህ «ዲ» ብሎ የሚጀምር አድራሻ ለሊነክስ ትርጉም የለውም። ይህ እንኳ ግልጽ ስለሆነ ቶሎ ይታያል። አስቸጋሪው የፊደሉ ነገር ነው። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ አያይም፤ የፎቶው ስም በትልቅ ፊደል ተጽፎ አድራሻው በትንሽ ቢሆን ያገኘዋል። እኛ «ፀሐይ» ተጻፈ «ጸሀይ» አንድ አድርገን አንብበን እንደምናልፈው ማለት ነው። ሊነክስ ግን እንደ ድሮ የግዕዝ መምህር ነው፤ አንዷን ፊደል ከቦታዋ ካነሣህበት «ይህ ሌላ ቃል ነው» ብሎ ይመልስሃል። ዊንዶውስ ላይ ለሦስት ወር ያለ ችግር የተከፈተ ፕሮጀክት ሊነክስ ላይ ሲደርስ ግማሽ ቴክስቸሩን «የለም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፀሐይን ካነሣን አይቀር፣ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ የምንወድ አለን። እኔም አልቃወምም። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ የዛሬ ማሽን ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ለኮምፒውተር ሁለቱ ጸ፣ ሁለቱ ሰ፣ ሦስቱ ሀ የተለያዩ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በቡድን ሲሠራ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ ቢሰይም ዊንዶውስም ሊነክስም ሦስት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይላሉ። በዚህ ላይ አንዳንድ የቆዩ የዚፕ ፕሮግራሞች ከላቲን ውጭ ያለውን ስም አጥፍተው የጥያቄ ምልክት ክምር ያደርጉታል። ስለዚህ ምክሬ ለፎልደር ፎቶና ለቴክስቸር ስም አጭር የላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ፣ ያለ ክፍት ቦታ ነው። አማርኛውን ለፕሮጀክቱ ርእስ እንጠብቅለት። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «አሁን እውነተኛው የመጨረሻ» እያሉ መሰየምም ይቅር፤ ቁጥር ይበቃል። ፎልደር በፎልደር እየተደራረበ ሙሉ አድራሻው 260 ፊደል ሲያልፍም ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ፋይሉን መክፈት ይሳናቸዋል፤ ቅጂው ሲቋረጥ ጥፋቱ የፍላሹ ይመስለናል።

ቅድም እመለሳለሁ ወዳልኩት ልምጣ። ሮዝ መታየቱ ዕድል ነው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ለአንድ ግድግዳ የምንጠቀመው ሥዕል አንድ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙን የሚሰጥ አለ፣ ሻካራነቱን የሚወስን አለ፣ ጎበጥ ጎድጎድ የሚያደርገው አለ። የቀለሙ ሲጠፋ ሮዝ ይሆናል። የሻካራነቱ ሲጠፋ ግን ሮዝ አይታይም፤ ግድግዳው ብቻ ያለ ወትሮው ያብረቀርቃል፣ ድንጋዩ እርጥብ ይመስላል። ፈታኙ «ማቴሪያል አመራረጥህ ደካማ ነው» ይሉታል። ማቴሪያሉ ትክክል ነበር፤ አንድ አድራሻ ነው የሞተው።

ከዚህም የባሰ አለ። ብሌንደር የጠፉ ፋይሎችን የሚፈልግ ትእዛዝ አለው፤ ፎልደር ታሳየዋለህ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ እየገባ በስም ይፈልጋል። በስም ብቻ! ላቡ ሰርቨር ላይ «እንጨት 01» የሚባል ፋይል ስንት እንዳለ የሚቆጥር ይቁጠር። የአንዱ ወለል የሌላውን እንጨት ይለብሳል፤ ሮዝ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ማክስም የራሱ ልማድ አለው፤ የተጻፈው አድራሻ ላይ ካጣው ፋይሉ ራሱ ባለበት ፎልደር፣ ከዚያም ተጠቃሚው አስቀድሞ በመዘገበለት የፎልደር ዝርዝር ይፈልጋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ ዝርዝር የሚቀመጠው በማሽኑ ላይ እንጂ በፕሮጀክቱ ውስጥ አይደለም። «በእኔ ማሽን ይሠራል» የሚለው ዝነኛ አባባል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አድራሻው ከሞተ ቆይቷል፣ ማሽኑ ግን በዝርዝሩ እየፈለገ ይሸፍንለታል። ሰርቨሩ ያን ዝርዝር የለውም፤ ስለዚህ አይሸፍንም።

መፍትሔ ተብለው በመካከላችን የሚነገሩት ሦስት ናቸው፤ አንዳቸውም አይበቁም ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው «ፓክ አድርገው» የሚለው ነው። ብሌንደር ሥዕሎቹን በሙሉ ፋይሉ ውስጥ ጠቅልሎ ያስገባል፤ ልክ እንደ ዎርድ። ለአንድ ጊዜ መላኪያ ይሁን፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለዕለት ሥራ ግን ፋይሉ ያብጣል፤ አንዲት ወንበር አንቀሳቅሶ ሴቭ ሲደረግ ያ ሁሉ ሥዕል እንደገና ይጻፋል፤ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አንድ ትልቅ ፋይል ነው። የቡድን ባልደረባም አንዲቷን ሥዕል ብቻ ሊያርም አይችልም። ከሁሉ በላይ ፓክ ሁሉንም አይጠቀልልም፤ ቪዲዮና ተከታታይ ሥዕሎች ከውጭ ይቀራሉ። «ፓክ አድርጌዋለሁ» ብሎ ተማምኖ የሄደ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ቪዲዮ ሮዝ ሆኖ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የላቡ መፍትሔ ነው፦ ሁሉም ማሽን ላይ የሰርቨሩን ፎልደር «ዜድ ድራይቭ» ብሎ መሰየም። ላብ ውስጥ እስካለን ድረስ ያምራል። ከላብ የወጣ ዕለት ዜድ የለም። ደግሞም እንዲህ ያለ የተሰየመ ድራይቭ የሚታየው ለገባው ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ሬንደር የሚያደርገው አገልግሎት በሌላ ተጠቃሚ ስም ከበስተጀርባ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ዜድን አያየውም። በሰርቨሩ ስም የሚጀምረው የኔትወርክ አድራሻ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ሰርቨሩ ተቀይሮ አዲስ ስም የተሰጠው ቀን የሁላችንም ፕሮጀክት አንድ ላይ ሮዝ ይሆናል። ሰርቨር ደግሞ ይቀየራል፤ ያረጃልና።

ሦስተኛው «መጨረሻ ላይ እሰበስበዋለሁ» ነው። በዚህ ብዙ አልቆይም፤ መጨረሻ ላይ እንቅልፍም እንደማይገኝ ሁላችን እናውቃለን።

እኔ የምለው ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ይመስለኛል ማንም እንደ ትምህርት ያልቆጠረው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ፎልደር ይከፈት። የፕሮጀክቱ ፋይል እዚያ ውስጥ፣ ከጎኑ ደግሞ የቴክስቸር ፎልደር ይሁን። ማንኛውም ሥዕል መጀመሪያ ወደዚያ ፎልደር ይቀዳ፣ ከዚያ ነው ወደ ግድግዳው የሚሄደው። ከዳውንሎድ ፎልደር፣ ከዴስክቶፕ፣ ከፍላሽ በቀጥታ መምረጥ የለም። ማያ ይህን ከድሮም አስቦበታል፤ «ሴት ፕሮጀክት» ሲባል ሥዕሎች የሚቀመጡበትን «ሶርስ ኢሜጅስ» የሚባል ፎልደር ራሱ ያዘጋጃል። ማክስም የፕሮጀክት ፎልደር አለው። የምንጠቀምበት ጠፍቶ ነው። ብሌንደር ላይ ደግሞ «ፋይል» ከሚለው ሜኑ «ኤክስተርናል ዳታ» ሥር ሁሉንም አድራሻ ወደ ሪሌቲቭ የሚለውጥ ትእዛዝ ተቀምጧል። ሪሌቲቭ መሆኑም ይታያል፤ አድራሻው በሁለት ስላሽ ይጀምራል።

ይህ የተማሪው ድርሻ ነው። የዲፓርትመንቱ ድርሻ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የጽሑፌ ዋና ጥያቄም ይህ ነው። ማንኛውም ፕሮጀክት ተቀባይነት የሚያገኘው ካልተወለደበት ማሽን ላይ ሲከፈት ይሁን። ከማቅረቢያው ሁለት ቀን በፊት ላብ ውስጥ አንድ ማሽን ይመደብ፤ ከኔትወርክ የተነጠለ፣ የማንም ፎልደር የሌለበት። ተማሪው ፎልደሩን ይዞ ይመጣል፣ ይቀዳል፣ ይከፍታል፣ የጠፉ ፋይሎችን ሪፖርት ያያል፣ አንድ ፍሬም በትንሽ መጠን ሬንደር ያደርጋል። ምንም ካልጎደለ ይፈረምለታል። ከጎደለ ሁለት ቀን አለው። ይህች ፊርማ ከመቶ 5 ነጥብ ትያዝ፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሮዝ ቢታይ «የዝግጅት ጉድለት» ማለት ተገቢ ይሆናል። ያለ ፈተና ማሽን ግን ነጥብ መቀነስ ላፕቶፕ የሌለውን በላፕቶፕ እጦት መቅጣት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ፈተናው በራስ ማሽን ላይ ከተደረገ ፈተና አይደለም፤ የሞተውም አድራሻ ዋናው ፎልደር እዚያው ስላለ ሕያው ይመስላል። ባለ ላፕቶፖቹም ስለዚህ ይምጡ። አንድ ማሽን ብቻ ያለው ሰው ቤቱ ሆኖ መሞከር ከፈለገ የፕሮጀክቱን ፎልደር ስም ለውጦ ሌላ ቦታ ያንቀሳቅሰው፣ ዳውንሎዱንና ዴስክቶፑንም ስማቸውን ለጊዜው ይለውጥ፣ ከዚያ ይክፈት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እውነቱ ይወጣል።

ባለ ላፕቶፖቹ «እኛን ምን አገባን» ሊሉ ይችላሉ። ያገባቸዋል። ተመርቀው የሚገቡበት ቢሮ ውስጥ ፋይል ከሰው ወደ ሰው፣ ከማሽን ወደ ማሽን ሲሄድ ነው የሚውለው። ያኔ «በእኔ ላፕቶፕ ይሠራ ነበር» የሚል አዲስ ሠራተኛ መሆን ደስ አይልም።

ከመምህራን በኩል የሚነሣው የቦታ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ተማሪ ቴክስቸሩን ወደ ፎልደሩ ከቀዳ ሰርቨሩ ይሞላል ይባላል። እውነት አለው። አንድ 4096 በ4096 የሆነ ሥዕል ሲዘረጋ ከ16 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ ለአንድ ነጥብ ሦስት ባይት ቢያዝ ወደ 50 ሚሊዮን ባይት ይመጣል። ዲስክ ላይ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ሠላሳ ተማሪ ያንኑ ጡብ ሠላሳ ጊዜ ሲያስቀምጥ ይከማቻል። በእኔ ግምት አሁንም ዲስክ ከሰው ሌሊት ይረክሳል። ደግሞ አብዛኛው ሥዕል ያን ያህል ትልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ ከሩቅ ለሚታይ የአጥር ግድግዳ 4096 ምን ይሠራል? ሰርቨሩ ላይ ያለው የጋራ የቴክስቸር ፎልደር ይቀጥል፤ ግን እንደ መጋዘን እንጂ እንደ መኖሪያ አይታይ። ከዚያ ይቀዳል፣ ከዚያ በቀጥታ አይጠራም። እዚያ ያለ ሥዕልም አይታረም፤ የተሻለ ካለ በአዲስ ስም ይጨመር። ዛሬ አንዱ ጡቡን «ትንሽ ላጥቁረው» ብሎ ቢነካው የሌላ ሰው ሕንፃ በማግስቱ ጠቁሮ ያድራል።

የቆዩ ሥራዎችም ነገር አለ። ትላልቆቹም በዚህ ተፈትነዋል። ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣውን ቶይ ስቶሪ በ2009 በ3ዲ እይታ ዳግም ለማሳየት ሲነሣ የድሮዎቹን ፋይሎች ከፍቶ እንዲሠሩ ለማድረግ ብቻ ወራት ፈጅቶበታል። በሌላ በኩል የብሌንደር ፋውንዴሽን በ2006 «ኤሌፋንትስ ድሪም»ን፣ በ2008 «ቢግ በክ በኒ»ን ከፊልሙ ጋር የፕሮጀክት ፋይሎቹን ጭምር ለሕዝብ ለቋል፤ ማንም ሰው በየቤቱ እንዲከፍታቸው። እንዲህ ያለ ነገር የሚታሰበው ፋይሉ የተሠራበትን ማሽን የማይናፍቅ ሲሆን ነው። የእኛ ዲፓርትመንት መደርደሪያ ላይ ያሉት ሲዲዎች ውስጥ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ሥራዎችስ? ሞዴሉ ይከፈታል፤ ግድግዳው ባዶ ነው። የሚጠራው አድራሻ በባለቤቱ ስም የተሰየመ፣ ምናልባት ከተሸጠ ዓመታት ያለፉት ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎልደር ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከእነዚያ ሥራዎች ሊማር ይገባው ነበር።

ለተቸገረ ሰው አንድ የማዳኛ ዘዴ ልናገር። ማያ ፋይሉን በጽሑፍ መልክ ማስቀመጥ ይችላል፤ ያንን በኖትፓድ ከፍቶ አድራሻዎቹን በዓይን ማየት፣ አሮጌውን ፈልጎ በአዲሱ መተካት ይቻላል። ቅጂ ላይ መሥራትን አትርሱ። ማክስ ላይ ሺፍትና ቲ ሲጫኑ የሚከፈተው «አሴት ትራኪንግ» የተባለው መስኮት ሁሉንም አድራሻ በአንድ ዝርዝር ያሳያል፤ የጠፉትን መርጦ በአንድ ጊዜ አዲስ ቦታ መስጠት ይቻላል። እኔ ከሁሉም የማያውን መንገድ ለጀማሪ እመርጣለሁ፤ አድራሻው ተራ ጽሑፍ መሆኑን በዓይኑ ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ ሥዕል ከዴስክቶፕ ለመምረጥ እጁ ያመነታል።

ለፈተናው ማሽን የሚሆን የአንድ ገጽ መመሪያ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ጀምረናል። የብሌንደሩና የማያው ክፍል አልቋል፤ ላብ በር ላይ ይለጠፋል። የማክሱን ክፍል የሚጽፍልን ሰው እንፈልጋለን፤ በተለይ ሥራውን በሁለት ሦስት ማሽን ላይ ሲያንከራትት የኖረ ሰው ቢሆን ይመረጣል።